ያልወለቀ ከል

ደብረ ታቦር ውስጥ ኮት ገልብጦ መልበስን ያመጣችው እቴነሽ ናት ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ እሷ ናት። ግን ሰው የሚያወራው ፋሽን ብሎ ነው። ፋሽን አልነበረም። የእናቷ ከል ነበር።

እቴነሽ ከእብናት ወዲያ፣ ቆላው ጫፍ ላይ ካለች መንደር ናት። አባቷ እሷ ሳታውቀው ነው የሞተው። ወንድም የላት፣ እህት የላት። በቤቱ እናቷ እመቤቴ ብቻ ነበረቻት፣ ለእመቤቴም እሷ ብቻ። በሰባ ስድስት ክረምቱ ቀረ። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ፣ ሁለቱ በሬዎች በአንድ ሳምንት ወደቁ። እናትና ልጅ ተደጋግፈው እብናት፣ እርዳታ የሚሰጥበት መጠለያ ወጡ። እቴነሽ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። በሰባ ሰባት፣ ጥር ላይ፣ እመቤቴ ሁለት ቀን ታማ ሞተች። ብዙ ሰው የሚቀበርበት ቀን ስለነበር ፍትሐቱም ለአምስት ሬሳ ባንድነት ነው የተፈታው።

እናቱ የሞተችበት ሰው ምን እንደሚያደርግ በዚያ አገር ሕፃንም ያውቀዋል። ፀጉሩን ይላጫል፣ ወገቡን ይታጠቃል፣ ልብሱን በጥቁር ጭቃና በቅጠል ነክሮ ከል ይገባል። ዓመት ይለብሰዋል። ዓመቱ ሲሞላ ደግሞ ራሱ አውልቆ አይጥለውም። ዘመድ ይመጣል። ዘመድ መጥቶ፣ «በቃሽ፣ አልቅሰሻታል» ብሎ ከሉን ከላይሽ ያወጣል፣ ነጭ ያለብስሻል፣ አናትሽን ቅቤ ይቀባሻል። ለቅሶው ያን ጊዜ ነው የሚያልቀው። ዘመድ ያላስወለቀው ከል ተሰቀለም ተጣለም አልወለቀም።

እቴነሽ ላይ የነበረው ቀሚስ ግን ሊነከር ቀርቶ ሊታጠብ የማይችል ነበር፤ ውሃ ቢነካው ይበተናል። እናቷ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ልብስ መጣ ተባለና የሰልባጅ ቦንዳ ተፈታ። ሰው ተሰለፈ። ተራዋ ሲደርስ የሚያድለው ሰውዬ አንድ ነገር ወረወረላት። ቢጫ ካፖርት። ናይለን ነው፣ እንደ አደይ አበባ ዓይን ይወጋል።

«ወንድሜ፣ ጥቁር የለም? እናቴን ቀብሬ ነው» አለችው።

«እህቴ፣ ሱቅ መሰለሽ እንዴ? የደረሰሽን ያዢና እለፊ። ቀጥል!»

ውርጩ አጥንት ይሰብር ነበር። ለበሰችው። ቁልፉን መቆለፍ አላወቀችበትም፤ አንዲት ፈረንጅ ነርስ አይታት መጣችና ተንበርክካ ከታች እስከ ላይ ቆለፈችላት። ስትጨርስ ብድግ ብላ አጨበጨበችላት፣ «ጎበዝ!» አለቻት፣ የምታውቀው አማርኛ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እቴነሽ እጅ ነሳችና ፈገግ አለች። ያለበሰሽ ሰው ፊት ላይ ማኩረፍ ነውር ነው ብላ እናቷ ናት ያስተማረቻት።

አጎቷ ፈንታሁን ያያት ያን ጊዜ ነው።

ፈንታሁን የእመቤቴ ወንድም ነው፣ በደጋው በኩል የሚኖር። እህቴ ተቸገረች ሲሉት ግማሽ ስልቻ ቆሎ ተሸክሞ ሁለት ቀን በእግሩ መጥቷል። መቃብር ቆፋሪዎቹ ሞታለች አሉት። ልጅቱስ ቢላቸው፣ «ያቻትልህ፣ ቢጫ የለበሰችው» ብለው አሳዩት። ቀና ሲል የእህቱ ልጅ እንደ ፀሐይ የሚያበራ ልብስ ለብሳ፣ ፈረንጅ እያጨበጨበላት ትስቃለች።

እሷም አየችው። «ጋሼ!» ብላ ሮጠች።

«አትጠጊኝ!» አለ እጁን ዘርግቶ። «ለቅሶ ልደርስ መጥቼ ሰርግ ደረስሁ! አፈሩ ሳይደርቅ? ገና በሣልስቷ?»

«ጋሼ፣ ሌላ የለም ብለውኝ ነው፣ እናቴ ትሙት...»

«እናትሽማ ሞታለች። አንቺ ግን የሷ ልጅ አይደለሽም። ከእንግዲህ ከኛ ሰው አንድም ደጅሽን አይረግጥም።»

ቆሎውን ለነፍሷ ይሁን ብሎ ለቆፋሪዎቹ ትቶ፣ የመጣበትን መንገድ ተመለሰ። እቴነሽ ዓይኗ እስኪደክም ጀርባውን አየችው። አንዴም አልዞረም።

በማግስቱ ወንዝ ወረደች። ጥቁሩን ረግረግ ጭቃ ዛቀች፣ ቅጠል ለቀመች፣ ጥላሸት ለመነች፤ በቆርቆሮ አፍልታ ካፖርቱን ነከረችው። ከድንጋይ ሥር ቀብራ አሳደረችው። ጥጥ ቢሆን ኖሮ እንደ ቁራ ይጠቁር ነበር። ይኼ ግን ናይለን ነው። ውሃ ሲነካው ጭቃው ተጠራርጎ ወረደ፤ ቢጫው ጭራሽ ታጥቦ አዲስ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛ ነከረችው። ሦስተኛ። እሱ እየፈካ፣ የሷ እጅ እየጠቆረ ሄደ።

ወንዙ ዳር ቁጭ ብላ ስታለቅስ አንድ ነገር መጣላት። ነጠላ የለበሰች ሴት ኀዘን ሲደርስባት ምን ታደርጋለች? ጥለቱን ወደ አንገቷ ትዘቀዝቀዋለች። ያው ነጠላ ነው፤ አለባበሱ ነው ለቅሶ የሚያደርገው። እንግዲያ ካፖርትስ ቢሆን? ገለበጠችው። ገበሩ አመድማ ነበር፣ ስፌቱ ወጣ፣ ኪሶቹ እንደ በግ ጆሮ ተንጠለጠሉ። ከተሰበረ ጃንጥላ ጥቁር ጨርቅ ቀድዳ ወገቧን ታጠቀች። ራሷን በምላጭ ላጨች። ለበሰችና፣ «እማዬ፣ ይኸው ከል ገባሁ» አለች።

እንዲህ ነው የተጀመረው።

መጠለያው ሲበተን ቤት ያለው ወደ ቤቱ ሄደ፤ ቤት የሌለውን ለሰፈራ ይጭኑታል የሚል ወሬ ነበር። እቴነሽ ያንን ፈርታ ወደ ደብረ ታቦር ተሰደደች። ወርቅነሽ የምትባል ጠላ ሻጭ ውሃ ቅጂልኝ ብላ አስጠጋቻት። ጠላ ጠጪው አላስቀምጥ አላት።

«አንች፣ ጅብ እያባረረሽ ነው የለበስሽው?»

«ተዋት፣ ገና ስትወለድም በጀርባዋ ነው የመጣች።»

ትስቅላቸዋለች። ከየት መጣሽ እንዳይሏት ትስቃለች። እናቴ ሞታ ነው ካለች የት ሞተች ይሏታል፤ እብናት ካለች ተፈናቃይ መሆኗ ይታወቃል፤ ከታወቀ መኪና ላይ ትወጣለች። መኪናው የት እንደሚያደርስ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጋምቤላ የሚልም፣ መተከል የሚልም ነበር። ስለዚህ አፏን ዘጋች። ከሉን ለብሳ ከል ነው ማለት ፈራች።

አንድ ቀን መዝገብ የያዘ ሰው መጣ። ስሙን ማንሳት አያስፈልግም። ወርቅነሽን የቤቱን ሰው ሁሉ አስቆጠራትና ወደ እቴነሽ ዞረ።

«ይችስ?»

«የእህቴ ልጅ ናት ጓድ፣ እዚሁ ናት» አለች ወርቅነሽ፣ እግዜር ይስጣት።

ሰውዬው ከእግር እስከ ራሷ አያት። «ምንድን ነው ይኼ አለባበስ? ከየትኛው ጎዳና ነው የተነሳሽው?»

ጠላ ቤቱ በር ላይ የሚያልፉ ተማሪዎች የሚሉት አንድ ቃል ነበር፤ እቴነሽ አፍ ላይ የመጣው እሱ ነው።

«ፋሽን ነው ጓድ።»

«ፋሽን?»

«የአዲስ አበባ ፋሽን ነው። እንዲህ ነው የሚለብሱት አሉ።»

ሰውዬው ሳቀ። ጠጪው ሁሉ ሳቀ። «አገር በድርቅ ያልቃል፣ እናንተ ኪስ ትገለብጣላችሁ!» ብሎ መዝገቡን ዘግቶ ወጣ። የዚያን ዕለት ከጎረቤት ግቢ አራት ሰዎች ተጭነዋል። እቴነሽ ተረፈች። ከጓሮ ሄዳ አፏን በአመድ አሸችው፤ የእናቷን ሞት በዚያ አፍ ፋሽን ብላዋለችና።

ቃሉ ግን ከጠላ ቤት ወጥቷል።

ዓመቱ ሞላ። ጥር መጣ። እቴነሽ የሚያስወልቃት ዘመድ ጠበቀች። አክስቷ አሰለፈች፣ የእናቷ ታላቅ እህት፣ ገሳይ የሚባል አገር ነው ያገቡት። ነጭ ሽንኩርት ይዘው ቅዳሜ ገበያ በሚመጡ የገሳይ ሴቶች ላከችባቸው፦ «ለአክስቴ ንገሩልኝ፣ ዓመቱ ሞልቷል፣ መጥተው ያስወልቁኝ በሉልኝ።» መልስ የለም። በሁለተኛው ዓመት ላከች። አንዷ ሴት አዘነችላትና፣ «ልጄ፣ ፈንታሁን ሰርግ ላይ አገኘኋት ብሎ ለአገሩ ሁሉ ተናግሯል። ማን ይመጣል ብለሽ ነው» አለቻት። እንግዲህ ከሉ ሁለተኛ ዓመት ሆነው። ሦስተኛ።

በዚህ መሀል ነው ደምሴን ያገኘችው። ደምሴ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ስፌት መኪና ያለው፣ ሽበት የጀመረው፣ ጨዋታ የሚወድ ልብስ ሰፊ ነው። ካፖርቷ ክንዱ ሥር ተቀዶ መርፌ ልትለምነው ሄደች። መርፌውን ሊሰጣት ሲል ዓይኑ ስፌቱ ላይ ቀረ። የፋብሪካ ልብስ ውስጡ አይታይም ተብሎ ጠርዙ እንደ ሻካራ ገለባ ይተዋል። እሷ ግን ገልብጣ የምትለብሰው ስለሆነ፣ ለእናቷ ከል ክር የሚመዘዝበት ልብስ አይሆንም ብላ፣ የጠርዙን ዙሪያ ሁሉ የጤፍ ፍሬ በሚያህል ስፌት ዘምዝማዋለች።

«ይኼን ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«በእጅሽ?»

«ታዲያ በምን ይሆናል ጋሼ?»

«ነይ ተቀመጪ» አላት። በዚያው ተቀመጠች።

ሰልባጅ ገበያውን የሞላው ያን ሰሞን ነው። ሰው፣ «የሙት ፈረንጅ ልብስ ነው» እያለ ይፈራዋል፤ ጠበል ረጭቶ በእንዶድ አጥቦ ይለብሰዋል። እቴነሽ ከክምሩ ሥር ስትቆፍር የምታየው እንደ ሌላው አይደለም። ሌላው የልብሱን ፊት ያያል፤ እሷ እጇን እጅጌው ውስጥ ከትታ ገበሩን ትዳብሳለች። ገበሩ ጠቆር፣ አመድ አመድ ካለ ትወስደዋለች። ቢጫው ካፖርት ሲያልቅ የወንድ ኮት ገዛች፤ ገለበጠችው፣ ወገቡን አጠበበችው፣ ኪሱን ፈትታ ከደረቱ ላይ መልሳ ሰፋችው፣ የጃንጥላውን መታጠቂያ አሠረችበት። ያምርባት ነበር። እሷ እንዲያምርባት ብላ አልነበረም፣ ግን እጇ ላይ ያለው ሙያ አላስችል ብሏት ያምር ነበር። ቁመናዋም ያግዛታል፤ ከድርቁ ወዲህ አገግማ ዘለግ ያለች፣ አንገታም ሴት ሆናለች። ስታልፍ ሰው ይዞራል። እሷ አንገቷን ትደፋለች፤ መድፋቷንም ኩራት አሉት።

ዓለሚቱ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት መጀመሪያ የመጣች። ኮት ይዛ በረንዳው ላይ ቆመች።

«እቴነሽ፣ እንዳንቺ ገልብጪልኝ።»

«ምን ያደርግልሻል? በቀኙ ያምራል» አለች እቴነሽ።

«አንቺስ? የአዲስ አበባ ፋሽን ነው አላልሽም? ብቻሽን ልትዘንጪ?»

እቴነሽ ደምሴን አየችው። ደምሴ ደስ ብሎት፣ «ገልብጪላት እንጂ!» አለ። እሱም አያውቅም፤ ለሱም አልነገረችውም። ሰፈራው ጋብ ብሏል ይላሉ፣ ግን የፈራ አፍ ቶሎ አይከፈትም። መቀሱን አነሳች። ያን ዓመት ለመስቀል ስድስት ልጃገረዶች ኮት ገልብጠው፣ ወገባቸውን በጥቁር ታጥቀው ወጡ። በጥምቀት ብዛታቸውን የሚያውቅ የለም። እሷ እነሱን ስታይ የምታየው የማያለቅስ ለቅሶ ቤት ነው።

በሰማንያ አንድ፣ ጥር ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ አንዲት አሮጊት በዘንግ እየተመረኮዙ በረንዳው ሥር መጥተው ቆሙ። ብብታቸው ሥር ጥቅል ይዘዋል።

«የእመቤቴ ልጅ አለች?»

እቴነሽ ድምፁን ነው ያወቀችው። የእናቷ ድምፅ ነው፣ ትንሽ ያረጀ። መርፌው ከእጇ ወደቀ። ዘላ ወርዳ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች።

«ተነሽ፣ ተነሽ የኔ ዓለም» አሉ አሰለፈች። «ፈንታሁን አያውቅም መምጣቴን። ገበያ ብዬ ነው የወጣሁ። አራት ዓመት ላክሽብኝ፤ የሰው ልብ ድንጋይ ነው እንዴ? ቀና በይ እስቲ፣ ልይሽ።»

በረንዳው ላይ አስቀመጠቻቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቢጫውን፣ ነርሷን፣ ጭቃውን፣ ወንዙን። አሰለፈች ኮቱን በጣታቸው ይዘው ስፌቱን እያዩ ሰሙ። ደምሴም መኪናውን አቁሞ ይሰማል፤ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ታዲያ ይኼ ከል ነው?» አሉ።

«ከል ነው አክስቴ። አራት ዓመቱ። የሚያስወልቀኝ አጥቼ ነው።»

እንባቸው በፊታቸው መስመር ወረደ። «ፈንታሁን ዓይኑን እንጂ ጆሮውን ይዞ አልመጣም ነበር» አሉና ጥቅሉን ፈቱ። ነጭ ቀሚስ ነው፣ አዲስ፣ ጥለቱ አረንጓዴ። በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤም አለበት። «በይ ነይ ወዲህ። እናትሽን አልቅሰሻታል።»

እጃቸውን ወደ መታጠቂያዋ ሰደዱ። እቴነሽ ዓይኗን ጨፈነች።

«እቴነሽ! የኔስ ደርሷል?»

ዓለሚቱ ናት፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር። ሦስቱም ገልብጠዋል። ሦስቱም ወገባቸውን በጥቁር ታጥቀዋል። አሰለፈች እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ልጆቼ» አሉ፣ «እናንተ ማን ሞቶባችሁ ነው?»

ልጆቹ ተያዩና ሳቁ። «ኧረ ማንም! ይጠብቀን እማማ» አለች ዓለሚቱ። «ፋሽን ነው እኮ። እሷ ናት ከተማውን ያስለበሰችው።»

«ማን ፋሽን አለው?»

«እሷ ናታ! የአዲስ አበባ ፋሽን ነው ብላ።»

አሰለፈች ወደ እቴነሽ ዞሩ። «ብለሻል?»

መዋሸት ትችል ነበር። አንዴ ዋሽታ ነፍሷን አትርፋለች። ግን የእናቷ ድምፅ ነው የጠየቃት።

«ብያለሁ አክስቴ። ሊጭኑኝ ሲሉ፣ ፈርቼ...»

«አንዴ ፈርተሽ አልሽ፣ እሺ። ለነዚህስ? እነዚህን ማን ሰፋላቸው?»

«እኔ።»

«ስትሰፊስ ማን አስገደደሽ?»

ደምሴ፣ «እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ስፊ ያልኋት» ሊል ጀመረ። አሰለፈች አልሰሙትም። ቅቤውን በቅጠሉ መልሰው ሸፈኑ። ነጩን ቀሚስ አጠፉ፣ ቀስ ብለው፣ እጥፉ እንዳይበላሽ።

«አምኜሻለሁ ልጄ» አሉ። «ማልቀስሽን አምኜሻለሁ። ግን ከል የሚወልቀው አገር ከል መሆኑን ሲያውቀው ነው። አንቺ ለአገሩ ሸጥሽው። ነገ ፈንታሁን ምኑን አስወለቅሽ ቢለኝ፣ ፋሽን አስወለቅሁ ልበለው?»

«አክስቴ፣ እባክዎ...»

«እኔም ጆሮዬን ሳልይዝ ብመጣ ይሻለኝ ነበር።»

ዘንጋቸውን አነሱ። የገሳይ መኪና ጡሩምባ እየነፋ ነበር። እቴነሽ እስከ መኪናው ተከተለቻቸው፤ ደግፋ አሳፈረቻቸው። ጉንጯን ሳሟት፤ ያንን አልነፈጓትም። ጥቅሉ ግን ብብታቸው ሥር ነበር።

ስትመለስ ልጆቹ ሄደዋል። ደምሴ መኪናው ፊት ያለ ሥራ ተቀምጧል።

«እቴነሽ» አላት፣ «እኔ ላውልቅልሽ። ነጭ እኔ እገዛልሻለሁ። ሦስት ዓመት ባንድ በረንዳ፣ ባንድ ሞሰብ... ዘመድ ማለት ምንድን ነው ሌላ?»

«ጋሼ፣ እናቴን ያውቋታል?»

«አላውቃትም።»

«እንግዲያ አልቅሰሻታል ሊሉኝ አይችሉም። ልኳን አያውቁትማ።»

ደምሴ አንገቱን ደፋ። እሷ የወደቀውን መርፌ ከበረንዳው ስንጥቅ ፈልጋ አወጣች።

ማክሰኞ አንዲት ትንሽ ልጅ ግራጫ ገበር ያለው ኮት ይዛ መጣች። ገልብጪልኝ አለች። እቴነሽ እጇን እጅጌው ውስጥ ከትታ ዳበሰችው። ደህና ገበር ነው።

«እናትሽ አለች?» አለቻት።

«አለች። ምነው?»

«አይ፣ ምንም» አለችና፣ ልኳን ልትወስድ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።